የማይድን የጣት ጫፍ ቁስል፦ ስክሌሮደርማ ላለባት የሐዋሳ ጠያቂ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። «ዕድሜዬ 36 ነው። ሐዋሳ አሞራ ገደል አካባቢ ዓሣ እያጸዳሁና እየጠበስኩ ነው የምተዳደረው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጣቶቼ ብርድ ሲነካቸው ነጭ መሆን ጀመሩ። ቀጥሎ የእጄ ቆዳ እየጠነከረ፣ ፊቴም እየተወጠረ መጣ። ሐኪም ስክሌሮደርማ ነው አለኝ። አሁን ሁለት ወር ሆነኝ፣ የቀኝ እጄ ሁለት ጣቶች ጫፍ ላይ ቁስል ወጥቶ አልድን ብሏል። ሌሊት ያስለቅሰኛል። አሞክሲሲሊን ደጋግሜ ገዝቼ ጨረስኩ። ፕሬድኒሶሎንም ሲብስብኝ ከፋርማሲ እየገዛሁ እወስዳለሁ። ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጠው አስረውልኝ ነበር፣ ባሰብኝ። የአንደኛው ጫፍ ጠቁሯል። አንዷ ጎረቤቴ ይቆረጥ ትላለች። ሌላዋ ሥጋ ደዌ ነው ብላ አብራኝ መብላት ትታለች። ሥራዬን ልተው? ጣቴ ይቆረጣል?»

ከጎረቤትዎ ልጀምር፤ ከቁስሉ እኩል የሚያመው እሱ ነውና። ስክሌሮደርማ አይተላለፍም። በመብል፣ በመጠጥ፣ በመጨባበጥ፣ በልብስ ከሰው ወደ ሰው አይሄድም። የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል ሲያጠቃ የሚመጣ፣ ኦቶኢሚውን ከሚባሉት በሽታዎች አንዱ ነው። ሥጋ ደዌ ሌላ ነገር ነው። እሱ በባክቴሪያ የሚመጣ ሲሆን ነርቭን ስለሚጎዳ ቦታው ይደነዝዛል፣ ቁስሉም አብዛኛውን ጊዜ አያምም። የእርስዎ ግን እንቅልፍ የሚነሳ ሕመም ነው። የሚደነዝዝ ወይም ቀለሙ የለወጠ ሌላ የቆዳ ክፍል ካለ ሐኪም በቀላሉ ያጣራዋል። ደግሞም ሥጋ ደዌ ያለበት ሰው ሕክምና ከጀመረ በኋላ ወደ ሌላ አያስተላልፍም። ስለዚህ ሴትየዋ የፈራችው ነገር እውነት ቢሆን እንኳ ከገበታ የሚያስነሳ ምክንያት አልነበራትም።

አሁን ወደ ቁስሉ። እስካሁን የተደረገልዎት ነገር ሁሉ የተደረገው «ጀርም ገብቶበታል» በሚል ግምት ነው። አሞክሲሲሊኑም፣ ነጭ ሽንኩርቱም ከዚያው ግምት የመጡ ናቸው። መነሻው ግን ጀርም አይደለም። ጣትዎ ጫፍ ላይ በቂ ደም እየደረሰ አይደለም። ቆዳ ኦክስጅንና ምግብ የሚያገኘው በደም ነው። ደሙ ሲቀንስ ትንሽ ጭረት እንኳ መዳን ያቅተዋል። ሲብስ ደግሞ ምንም ሳይነካው ቆዳው ከውስጥ ይሞትና ይቆስላል።

ጣቶችዎ ነጭ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ፣ ሲሞቁ ደግሞ ቀይ የሚሆኑት ሬይኖ በሚባል ክስተት ነው። ስሙን ያገኘው በ1862 በፈረንጆች አቆጣጠር ከገለጸው ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። ብዙ ሰው ሌላ በሽታ ሳይኖርበት ሬይኖ ሊኖረው ይችላል። የእነዚህ ሰዎች የደም ሥር ለጊዜው ይኮማተራል፣ ከዚያ ይከፈታል፤ ጣታቸው አይቆስልም። በስክሌሮደርማ ግን የደም ሥሩ ግድግዳ ራሱ ወፍሮ መተላለፊያው ጠቧል። በጠበበው ላይ ብርድ መጥቶ ሲያኮማትረው ደሙ ጭራሽ ይቆማል። ስክሌሮደርማ ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ በሆነ ወቅት የጣት ቁስል ይገጥማቸዋል። ስለዚህ ይህ የመጣብዎት በንጽሕና ጉድለት ወይም በእርስዎ ጥፋት አይደለም።

ቁስሉ የት ቦታ እንደወጣ ማየት ብዙ ይናገራል። ጫፍ ላይ ከሆነ፣ እንደ እርስዎ፣ ዋናው ምክንያት የደም እጥረት ነው። መገጣጠሚያው ጀርባ ላይ ከሆነ ግን የተወጠረው ቆዳ ጣት ሲታጠፍ እየተሰነጠቀ፣ ዕቃም እየነካካው ነው የሚቆስለው። ሦስተኛ ዓይነትም አለ። ከቆዳ ሥር ካልሲየም ይጠራቀምና እንደ ጠጠር ይሆናል፤ ሲፈነዳ ነጭ፣ ጠመኔ የመሰለ ነገር ይወጣዋል። ይህን ብዙ ሰው መግል ነው ብሎ በመርፌ ይቆፍረዋል። አይቆፈርም። ከቁስልዎ እንዲህ ያለ ነጭ ነገር ወጥቶ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩት፤ ራጅ ላይ በግልጽ ይታያል።

አንቲባዮቲክ ጭራሽ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ደም የማይደርሰው ቁስል በቀላሉ ይመረቅዛል፤ ያኔ መድኃኒቱ ግዴታ ነው። ምልክቱ ይህ ነው፦ ቁስሉ ዙሪያ እያበጠና እየሞቀ ሲሄድ፣ መግል ሲይዝ፣ ሲሸት፣ ሕመሙ ከነበረው በድንገት ሲጨምር፣ ትኩሳት ሲኖር። እንዲህ ያለውን የቆዳ ምርቀዛ ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ስታፍ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። አሞክሲሲሊን ብቻውን ደግሞ አብዛኛውን ስታፍ አይገድልም። ስለዚህ ምርቀዛ ሳይኖር የወሰዱት ትርፍ ነበር። ምርቀዛ ኖሮ ቢሆንም ምርጫው ትክክል አልነበረም። ቁስሉ ሁለት ወር ስለቆየ ሐኪሙ አጥንቱ መነካት አለመነካቱን በራጅ ማየት አለበት። አጥንት ከተመረዘ ሕክምናው ሳምንታት ይወስዳል።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ፕሬድኒሶሎኑ ነው። ፕሬድኒሶሎን ለብዙ የኦቶኢሚውን በሽታዎች ትልቅ መድኃኒት ነው። በስክሌሮደርማ ግን የተለየ አደጋ አለው። በተለይ በቀን 15 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሲወሰድ ድንገተኛ የኩላሊት ቀውስ የመምጣት ዕድሉን ይጨምራል። የደም ግፊት በአንድ ጊዜ ይወጣል፣ ኩላሊትም በቀናት ውስጥ ሊደክም ይችላል። ለጣት ጫፍ ቁስል ደግሞ አይጠቅምም፤ የጠበበ የደም ሥር አይከፍትም፣ የቁስል መዳንንም ያዘገያል። ሲወስዱት ቀለል የሚልዎት የመገጣጠሚያውን ሕመም ስለሚያስታግስ ነው። ከዚህ በኋላ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይግዙ። ነገር ግን ለሳምንታት ሳያቋርጡ ወስደው ከሆነ ዛሬ በድንገት አያቁሙት። ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማምረት ቀንሶ ስለሚቆይ በድንገት ማቆም በራሱ አደገኛ ነው። ስንት ሚሊግራም፣ ለስንት ጊዜ እንደወሰዱ ጽፈው ይያዙና ሐኪሙ ቀስ በቀስ ያስወርድዎት። እስከዚያው ግፊትዎን ይለኩ። ግፊትዎ ከወትሮው በጣም ከወጣ፣ ከባድ ራስ ምታት ከያዝዎት፣ ዕይታዎ ከደበዘዘ ወይም ሽንትዎ ካነሰ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ በሽታዎም ስክሌሮደርማ መሆኑን ከሁሉ አስቀድመው ይናገሩ። ለዚህ የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ ውጤቱ የሚወሰነው በፍጥነት ነው።

እዚህ ላይ ይህን ለሚያነቡ ሌሎች ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። ሉፐስ በሚባለው ሌላ የኦቶኢሚውን በሽታ ወይም በቁርጥማት በሽታ ምክንያት ጣታቸው የቆሰለ ሰዎች አሉ። የእነሱ መንገድ ሊለይ ይችላል። አንዳንድ ጊዜ የደም ሥሩ ራሱ ይቆጣል፤ ያኔ ፕሬድኒሶሎንና ሌሎች የመከላከያ ሥርዓትን የሚያረጋጉ መድኃኒቶች ዋናው ሕክምና ይሆናሉ። አንዳንዴ ደግሞ ደም ይረጋል፤ ያኔ ደም የሚያቀጥን ያስፈልጋል። በተለይ ፅንስ በተደጋጋሚ የወረደባት ወይም እግሯ ላይ ደም ረግቶ የሚያውቅ የሉፐስ ታማሚ ይህን ለሐኪሟ መንገር አለባት። ስለዚህ የእህትዎ ወይም የጓደኛዎ መድኃኒት ለእርስዎ አይሆንም።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ዋናው ሕክምና የደም ሥርን መክፈት ነው። መጀመሪያ የሚሞከረው ኒፈዲፒን ወይም አምሎዲፒን ነው። ሁለቱም ለደም ግፊት የሚሰጡ፣ የታወቁና ዋጋቸው የማይከብድ መድኃኒቶች ናቸው። ኒፈዲፒን ከሆነ ቀስ ብሎ የሚለቀቀውን ዓይነት ነው የምፈልገው። ቶሎ የሚሠራው ዓይነት ግፊትን በድንገት ያወርዳል። ሐኪሙ በትንሹ ጀምሮ እንደ ግፊትዎ ሁኔታ ይጨምረዋል። መጀመሪያ ሰሞን ራስ ምታት፣ ፊት መጋል፣ ቁርጭምጭሚት ማበጥ ያጋጥማል። ስክሌሮደርማ ካለብዎት ቃርም ሊያባብስ ይችላል፤ ያኔ የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ይታከልበታል። ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት በሁለተኛው ሳምንት ይተወዋል። ከመተውዎ በፊት ሐኪሙን ያናግሩ።

ይህ ካልበቃ ሲልደናፊል ይጨመራል። አዎ፣ ለወንዶች የሚሰጠው መድኃኒት ነው። ሴትም ትወስደዋለች፤ የደም ሥር ስለሚከፍት ለጣት ቁስል ይረዳል። ፋርማሲ ላይ ሲጠይቁ አይፈሩ፣ የሐኪሙን ማዘዣ ያሳዩ። ለልብ ሕመም ናይትሬት የሚባል መድኃኒት ከሚወስድ ሰው ጋር ግን ፈጽሞ አይሄድም። ከዚህ በላይ ያለው ደረጃ በደም ሥር ለተከታታይ ቀናት የሚንጠባጠብ ኢሎፕሮስት ነው። ቦሴንታንም አለ። እሱ አዲስ ቁስል እንዳይወጣ ይከላከላል እንጂ የወጣውን አያድንም፣ ጉበትን ይነካል፣ ለእርጉዝ ሴትም የተከለከለ ነው። እነዚህ ሁለቱ ውድ ናቸው፣ እኛ ጋ በቀላሉ አይገኙም። ሳያገኟቸው ቀሩ ማለት ግን ሕክምና የለም ማለት አይደለም። ኒፈዲፒንን በትክክለኛው መጠን፣ ሳያቋርጡ ወስደው፣ ከብርድ ተጠብቀው፣ ቁስሉን በደንብ ይዘው የሚድኑ ብዙ ናቸው።

የቁስሉ አያያዝ ቀላል ነው፤ ግን በየቀኑ መሠራት አለበት። አንድ ሊትር ውሃ አፍልተው አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨምሩበት፤ ለብ ሲል በዚያ በእርጋታ ያጥቡት። በንጹሕ ጋዝ ሳይፈትጉ ያድርቁት። ቀጥሎ ቫዝሊን የተቀባ ጋዝ ከላዩ ያድርጉና ላላ አድርገው ይጠቅልሉት። ጥብቅ ፋሻ የቀረችውን ትንሽ ደም ያግዳታል። ጋዙ ቁስሉ ላይ ከደረቀ አይንጩት፣ በጨው ውሃው አርሰው ያላቅቁት። አልኮል፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ የቡና ዱቄት፣ የጥርስ ሳሙና አይድረስበት። ነጭ ሽንኩርት ጤነኛ ቆዳን እንኳ ያቃጥላል። ደም ባጣ ጣት ላይ ደግሞ ቁስሉን ያሰፋዋል፤ እርስዎም አይተውታል። ፀበል የሚሄዱ ከሆነ እምነትዎን አልነካም። እጅዎን ግን ውሃ በማያስገባ ነገር ሸፍነው ይግቡ፣ ሲወጡም ቶሎ ይሙቁ። መድኃኒቱንም አያቋርጡ፤ በጾም ወቅትም ቢሆን።

ስለጠቆረው ጫፍ። ደረቅ፣ ጥቁር፣ የማይሸት ከሆነ ለብቻው ነው የሚያዘው፤ ደረቁን ይቆይ እንጂ አይዘፈዝፉት፣ ቫዝሊንም አይቀቡት። ማንም በምላጭ ወይም በጥፍር መቁረጫ እንዳይነካው። የደም ሥር መክፈቻው እየሠራ ሲሄድ በሞተውና በሕያው ቆዳ መካከል ድንበር ይለያል። ብዙ ጊዜ ጥቁሩ ክፍል ትንሽ ሆኖ ይቀርና በራሱ ይረግፋል፣ ከሥሩ ጤነኛ ቆዳ ይወጣል። ቸኩሎ መቁረጥ ሊድን ይችል የነበረውን ሥጋ ያስወስዳል። የተቆረጠበት ቦታም ደም ስለማያገኝ እንደገና አልድን ይላል። ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ምርቀዛው እየተስፋፋ ሲሄድ፣ አጥንት ተመርዞ በመድኃኒት አልመለስ ሲል ወይም ጥቁሩ እርጥብ ሆኖ መሽተት ሲጀምር ነው። ስለዚህ ጎረቤትዎ እንዳለችው አይደለም። ጣትዎ አይቆረጥም ብዬ ሳላየው ቃል አልገባም። ከጻፉልኝ ሁኔታ ግን ገና ብዙ የሚሠራ ሥራ አለ።

ሕመሙን መቻል ጀግንነት አይደለም። ሕመምና ጭንቀት ራሳቸው የደም ሥርን ያጠባሉ፤ ስለዚህ ማስታገስ የሕክምናው አካል ነው። በፓራሲታሞል ይጀምሩ። ባለ 500 ሚሊግራሙን ሁለት ሁለት ፍሬ በየስድስት ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ ሳያልፉ። ክብደትዎ ከ50 ኪሎ በታች ከሆነ ወይም የጉበት ችግር ካለብዎት መጠኑ ይቀንሳል። ሕመሙ ሳይበረታ ሰዓቱን ጠብቆ መውሰድ ይሻላል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግን ኩላሊትን ስለሚጫኑ በእርስዎ በሽታ አልመክራቸውም። ፓራሲታሞል ካልበቃ ትራማዶል ወይም ለሌሊቱ አሚትሪፕቲሊን ሐኪሙ ሊያዝልዎት ይችላል።

«ሐዋሳ እኮ ሞቃት ናት፣ እዚህ ምን ብርድ አለ?» የሚሉኝ ታማሚዎች አሉ። የደም ሥርን የሚያስደነግጠው ቴርሞሜትሩ ላይ ያለው ቁጥር ሳይሆን ለውጡ ነው። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲገቡ የሐይቁ ነፋስ፣ የክረምት ዝናብ፣ ከፀሐይ ወደ ጥላ መግባት፣ ባጃጅ ውስጥ የሚገባው ንፋስ፣ ፍሪጅ ከፍቶ ዕቃ ማውጣት፣ በቧንቧ ውሃ ልብስ ማጠብ፣ ሁሉም ይበቃሉ። እጅን ብቻ ማሞቅም አይበቃም። ደረትና ሆድ ሲበርደው አካል ሙቀቱን ወደ ውስጥ ሰብስቦ ጣትን ይተወዋል። ስለዚህ ጠዋት ሹራብ፣ ካልሲ፣ የራስ መሸፈኛ፣ ነጠላ ደራርበው ይልበሱ። ጣትዎ ነጭ ሲሆን እሳት ወይም ከሰል ላይ አይዘርጉት። ደም ያጣ ጣት የሙቀቱን ልክ ስለማያውቅ ይቃጠላሉ። ብብትዎ ሥር ያስገቡት ወይም ለብ ባለ ውሃ ይንከሩት፤ ቁስሉ ከተጠቀለለ ብብት ይሻላል።

ሥራው ላይ ግልጽ ልሁን። ዓሣ መጥበስና መሸጥ ይችላሉ። ዓሣ ማጽዳት ግን ቁስሉ እስኪድን መቆም አለበት። ቀዝቃዛና እርጥብ ነገር እጅዎ ላይ ለሰዓታት ይቆያል፣ ቢላው አለ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የቆሮሶው እሾህ አለ። የዓሣ እሾህ የወጋው ጣት ጤነኛ ሰው ላይ እንኳ ይመረቅዛል። ለዚህ ጊዜ የሚያጸዳልዎት ሰው ይፈልጉ፤ እርስዎ መጥበሱን ይያዙ፣ ምጣዱ ጋ ሲቆሙ ደግሞ ዘይቱ እንዳይፈናጠርብዎት የተጠቀለለውን ጣት ይሸፍኑ። ገቢዎ ላይ ጫና እንደሚያመጣ አውቃለሁ። ግን የጣት ጫፍ ቁስል ለመዳን ብዙ ሳምንት፣ አንዳንዴም ከሦስት ወር በላይ ይፈልጋል፤ በየቀኑ እየረጠበ ከሆነ ደግሞ ጊዜው አያልቅም። ከዳነ በኋላ ወደ ማጽዳቱ መመለስ ካለብዎት ከውስጥ የጥጥ፣ ከላይ ወፍራም የጎማ ጓንት ያድርጉ፣ ለብ ያለ ውሃ ይጠቀሙ። ሽንኩርት፣ ሎሚና በርበሬም በጓንት ይያዙ።

የደም ሥርን የሚያጠቡ ሌሎች ነገሮችን ከቤትዎ ያስወጡ። ሲጋራ፣ ሌላው ሰው የሚያጨሰውም ጭምር፣ ቀዳሚው ነው። ጫትም የደም ሥር ያጠባል፤ ከቁስሉ ጋር አብሮ አይሄድም። ለአፍንጫ መዘጋት የሚሰጡ ፕሱዶኤፌድሪን ያላቸው የጉንፋን ክኒኖች፣ ኤርጎታሚን ያለበት የማይግሬን መድኃኒት፣ ፕሮፕራኖሎልና አቴኖሎል የሚባሉት የግፊትና የልብ መድኃኒቶች እንዳይሰጡዎት። ሌላ ሐኪም አዝዞልዎት ከሆነ ግን እሱን ሳያማክሩ በራስዎ አያቋርጡ። ቡናን ሁሉም ይጠይቀኛል። በልኩ የሚጠጣ ቡና ቁስሉን ያባብሳል ብዬ የምከለክልበት ማስረጃ የለኝም። ከጠጡ በኋላ ጣትዎ ነጭ የሚሆን ከሆነ ግን ይቀንሱት።

የኛ አካባቢ ወባ ያለበት ስለሆነ ትኩሳት በያዘዎት ቁጥር ጣትዎን ይወጋሉ። አይፍቀዱ። ጤና ጣቢያ ሲሄዱ «ጣቴ ደም አይደርሰውም፣ ከክንዴ ውሰዱ» ይበሉ፤ የወባ ምርመራ ከክንድ በተቀዳ ደምም ይሠራል። የስኳር ምርመራም እንዲሁ። ኦክስጅን የሚለካውም ጣት ላይ የሚደረግ መሣሪያ በቀዘቀዘ ጣት የተሳሳተ ቁጥር ያሳያል፤ ጆሮ ላይ ይሻላል። ይህን የማያውቅ ባለሙያ ሊያጋጥምዎት ስለሚችል ደጋግመው ይናገሩ።

ምክሬ ይህ ነው። በዚህ ሳምንት ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወይም የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ያለበት ሌላ ተቋም ይሂዱ። የማህበረሰብ ጤና መድን ካለዎት ሪፈር ወረቀቱን ከጤና ጣቢያዎ አስቀድመው ይያዙ። ሲደርሱ የደም ግፊት፣ የኩላሊት፣ የሽንት፣ የደም ማነስና የስኳር ምርመራ እንዲሁም የጣት ራጅ ይጠይቁ። ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ የሚያጥርዎት ወይም ደረቅ ሳል ያለብዎት ከሆነም ይናገሩ፤ ስክሌሮደርማ ሳንባንም ይነካልና። የደም ሥር መክፈቻ ሳይታዘዝልዎት፣ አንቲባዮቲክ ብቻ ይዘው ከወጡ ተመልሰው «ደም እንዲደርሰው ምን ታዘዘልኝ?» ብለው ይጠይቁ። በጥቂት ሳምንታት ሕክምና ቁስሉ ካልጠበበ አዲስ አበባ ወዳለ የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያና እንዲህ ያሉ የኦቶኢሚውን በሽታዎች) ሐኪም ሪፈር ይጻፍልዎት። አንድ ጣት በድንገት በረዶ ሆኖ፣ ነጭ ወይም ሰማያዊ እንደሆነ፣ ቢያሞቁትም ሰዓት አልፎት ካልተመለሰ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ሌሊትም ቢሆን በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።